ሦስት ብዕር በአንድ ኪስ

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ቀን ጧት በልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚፈትሸው ዘበኛ የደረት ኪሴን ዳበሰና እጁን እዚያው እንዳደረገ ቆመ። «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?» አለኝ። ብዕር ነው አልሁት። አንዱን አወጣ፤ ሁለተኛውን አወጣ፤ ሦስተኛውን፣ ወፍራሙንና ጥቁሩን ባወጣ ጊዜ ግን ትዕግሥቱ አለቀና፣ «ይነግዳሉ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረው ባለጉዳይ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የቀጠሮዬ ሰዓት ደርሶ ስለ ነበር ሳልመልስለት ገባሁ።

ይሁን እንጂ ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። ለአንድ ሰው አንድ ምላስ በቂው ሆኖ ሳለ ሦስት ብዕር ምን ያደርግለታል? ያውም እነዚህ ሦስቱ ከመንገድ ዳር የሚገዙ አይደሉም። ወፍራሙ ጥቁር ብዕር ሞንብላን ይባላል፤ አዲሱ ዛሬ ከአንድ ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣል። እኔ ያገኘሁት ጡረታ ከወጣ አንድ የሙያ ባልደረባዬ በቅናሽ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ገንዘብ ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ እንደ ነበር ባለቤቴ ደጋግማ አስልታ ነግራኛለችና እርስዎ እንደ ገና እንዳያሰሉብኝ እለምናለሁ።

ልደታን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግንቦት 1 ቀን ክብረ በዓሉ ሲሆን መንገዱ በነጭ ልብስ ይሞላል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ልደታን በአውሮፕላን ያስታውሱታል። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገ ጊዜ የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር፤ ቦሌ የተተካው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው ባቡር በደጃፉ ያልፋል። ዛሬ ግን አንድ ሰው «ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ካለ ማንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ባቡር የሚሄድ አይመስለውም። ሰምቶም «እግዚአብሔር ይርዳህ» ይለዋል።

ፍርድ ቤት የወረቀት አገር ነው። ከበሩ ውጭ ራፖር ጸሐፊው ተቀምጦ የባለጉዳዩን ብሶት እየሰማ ወደ ሕግ ቋንቋ ይመልሳል። አባቶቻችን ማመልከቻቸውን በእጅ ያስጽፉ ነበር፤ ቀጥሎ ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ደከሙና ራፖር ጸሐፊው በመኪና መጻፍ ያዘ፤ አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር ሆኗል። ታዲያ ለብዕር ምን ቀረለት? ይህን ሲጠይቁኝ፣ የቀረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የቀረው ዋናው ነው እላለሁ። ክስ በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ ፊርማው ግን በእጅ ነው። ችሎት ተቀምጦ የምስክሩን ቃል እየሰሙ መያዝ ዛሬም በእጅ ነው። ከዚህም በላይ ሕጉ ራሱ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ በባለቤቱ እጅ ይጻፍ ብሎ ያዘዘው አንድ ወረቀት አለ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ በእርግጥ እርሱ ነውና።

ብዙ ብዕር መያዝ የፈረንጅ አመል የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ብራና የሚጽፈው ጸሐፊያችን መቃውን ቀርጾ፣ ጫፉን ሰንጥቆ፣ ለጥቁሩ ቀለም አንድ፣ ለቀዩ ቀለም ሌላ ብርዕ ያዘጋጃል። ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ከተቈላ እህልና ከቅጠል ቀምሞ ለወራት ያብላላዋል። በቀዩ የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ይጽፍበታል። ሁለቱን ብርዕ ቢያቀላቅል ገጹ ይበላሻል፤ ብራናው ደግሞ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነውና እንደ ወረቀት ቀድዶ የሚጥሉት አይደለም። ቀለሙን የሚያኖረው በከብት ቀንድ ሲሆን ቀንዱን ከአጠገቡ መሬት ላይ ይተክለዋል። ዛሬ ትምህርት የሚገባውን ልጅ «የቀለም ቀንድ» የምንለው እንዲሁ ከሜዳ ተነሥተን አይደለም። እንግዲህ ከእኔ ኪስ በፊት የዚያ ጸሐፊ ማኅደር ነበረ ማለት ነው፤ እኔ የጨመርሁት አንድ ብቻ ነው።

በመንግሥትም ዘንድ ብዕር ከፍ ያለ ወንበር ነበረው። አጤ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ፤ ፈረንጆች ይህን መሥሪያ ቤት «የብዕር ሚኒስቴር» እያሉ ይጠሩት ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል የጻፉት ሰው ናቸው። ይሁንና ልብ ይበሉ፤ በዚያ ዘመን የደብዳቤው ሥልጣን በራሱ ላይ በሚያርፈው የንጉሥ ማኅተም እንጂ እንደ ዛሬው በግርጌ ፊርማ አልነበረም። ጸሐፊው ይጽፋል፤ ማኅተሙ ይናገራል። ተራው ሰው በገዛ እጁ ፊርማ ራሱን ማሰር የለመደው ቀስ በቀስ ነው።

በውጭ አገር ብዙ ብዕር ስለ መያዝ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው የጄኔራል ማክአርተር ታሪክ ነው። ነሐሴ 27 ቀን 1937 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሚዙሪ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ እጁን ሲሰጥ፣ ጄኔራሉ አንዱን ፊርማ በብዙ ብዕር ከፋፍለው ፈረሙ፤ የመጀመሪያውን በምርኮ ለቆዩት ለአሜሪካዊው ጄኔራል ዌንራይት፣ ሁለተኛውን ለእንግሊዛዊው ጄኔራል ፐርሲቫል ሰጡ። ፕሬዚዳንት ጆንሰንም ሰኔ 25 ቀን 1956 ዓ.ም. የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረውን ሕግ ሲፈርሙ ከሰባ በላይ ብዕሮች ተጠቅመው ላገዟቸው ሰዎች አደሏቸው። ይህ ግን መታሰቢያ ማደል ነው። እያንዳንዱ ብዕር የአንድ ፊደል ቁራጭ ጽፎ ወደ መስተዋት ሣጥን ይገባና ከዚያ በኋላ አይጽፍም። እኔ የምናገረው ግን በየቀኑ ስለሚጽፍ ብዕር ነው።

ባለቀለም ብዕር ከቢክ እስክሪብቶ የሚለይበትን ነገር ላስረዳዎ። ሉዊስ ዋተርማን የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጅ ዘመን 1884 ዓ.ም. ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከማጠራቀሚያው ቀለም ጠብታ ሲወጣ በምትኩ ያንኑ ያህል አየር መግባት አለበት። ከጫፉ ሥር ያለው ጥቁር ማስተላለፊያ ቀጫጭን ቦዮች አሉት፤ ቀለሙ በእነርሱ ይወርዳል፣ አየሩም በዚያው ይወጣል። ስለዚህ ጸሐፊው መጫን የለበትም፤ ጫፉ ወረቀቱን እንደ ነካ ወረቀቱ ራሱ ቀለሙን ይስበዋል። በቢክ ሙሉ ቀን የጻፈ ሰው ማታ አውራ ጣቱን የሚያመው ኳሷን ለማሽከርከር ስለሚጫን ነው።

ጫፉን ከወርቅ የሚሠሩት ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። የቀለም ብዕር ቀለም አሲድነት ያለው ብዙ ጊዜ ነውና ተራውን ብረት ይበላል፤ ወርቅን ግን አይነካውም። በጫፉ ላይ 585 የሚል ቁጥር ካዩ 14 ካራት፣ 750 ካዩ 18 ካራት ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ወረቀቱን የሚነካው ወርቅ አይደለም። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ በጫፉ መጨረሻ ላይ ከፕላቲኒየም ወገን የሆነ እጅግ ጠንካራ የብረት ቅንጣት ይበየድበታል። ባለወርቅ ብዕር ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሚጽፈው በዚች የሰናፍጭ ፍሬ በማታክል ቅንጣት ነው።

አሁን ወደ ኪሴ እንመለስ። የመጀመሪያው ብዕር ፓርከር 51 ነው፤ የአባቴ ነበር። ኩባንያው 51ኛ ዓመቱን በያዘበት ጊዜ ታስቦ በፈረንጅ 1941 ገበያ ላይ የወጣ ሲሆን ጫፉ እንደ ኤሊ ራስ ወደ ውስጥ የተሸሸገ ነው። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ስለ ነበረ ይህ ብዕር ከእኔ ይልቅ ብዙ ደብዳቤ ጽፏል። በችሎት የምስክር ቃል የምይዘው በእርሱ ነው፤ ምክንያቱም ጫፉ የተሸፈነ በመሆኑ ክዳኑን ከፍቼ ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄውን እስኪያስብ ድረስ ብጠብቅ እንኳ ቀለሙ አይደርቅበትም። ሌላው ብዕር ግን ሁለት ደቂቃ ከተዉት ያኮርፋል፤ ምስክሩ ዋናውን ቃል ሲናገር እርስዎ ወረቀት ላይ እየፈተጉ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ጀርመን አገር የተሠራው ፔሊካን ነው። የሐኖቨሩ ኩባንያ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዕሩን የሚሠራው የኋላው ሲሽከረከር እንደ ሐኪም መርፌ ቀለም የሚስብ አድርጎ ነው። ይህ ብዕር ለፊርማና ለሰነድ ብቻ የተለየ ነው፤ ውስጡ ያለው ቀለም ሰማያዊና ጥቁር የተቀላቀለበት፣ ከብረት ጨውና የእንጨት እንቡጥ ከሚሰጠው መራራ ንጥረ ነገር የሚሠራው ዓይነት ነው። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠቁርና ከወረቀቱ ጋር ይጋባል። በውኃ ቢነካም ጥቁሩ ክፍል ይቀራል። አውሮፓውያን ውላቸውንና መዝገባቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉት በዚህ ወገን ቀለም ነው።

ሦስተኛው ያ ዘበኛውን ያስደነገጠው ሞንብላን ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ነጭ ኮከብ የሞንብላን ተራራ በረዶ ምልክት ሲሆን ጫፉ ላይ 4810 ተብሎ የተጻፈው የተራራው ከፍታ በሜትር ነው። (የእኛ ራስ ዳሸን የሚያንሰው በሦስት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብዕር የሚሠራበት ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።) ይህ 149 የሚባለው ዓይነት ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅርጹ እምብዛም ሳይለወጥ ይሠራል። እኔ ረጅም ክርክር የማረቅቀውና ደብዳቤ የምጽፈው በእርሱ ነው። የእኔው ጫፉ ሰፊ ነው፤ ሰፊ መሆኑም በከንቱ አይደለም።

የግእዝ ፊደል ከመቃ ብርዕ የተወለደ ነው። ጠፍጣፋው ጫፍ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይጥላል። «በ»ን ወይም «ሰ»ን በብራና ላይ ይመልከቱ፤ እግሮቻቸው ወፍራም፣ ትከሻቸው ቀጭን ነው። ቢክ ይህን ሁሉ አንድ ዓይነት ሽቦ ያደርገዋል። ሰፊ ጫፍ ያለው ብዕር ግን እግሩን እግር፣ ትከሻውን ትከሻ አድርጎ ይመልሰዋል። አንድ ጉዳት ግን አለው። ፊደላችን ቀለበት ይወዳል፤ «ሊ» እና «ሌ»፣ «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በቀለበት ነው። ወረቀቱ ተራ፣ ብዕሩ ወፍራም፣ ቀለሙም ብዙ ከሆነ ቀለበቱ ይደፈንና አንባቢው በግምት ያነባል። በመዝገብ ዳር ጠባብ ቦታ ላይ ስጽፍ ወደ ፓርከሩ የምመለሰው ለዚህ ነው። ጃፓኖችም ፊደላቸው የተወሳሰበ ስለሆነ ብዕራቸውን ከአውሮፓውያን ይልቅ ቀጭን አድርገው ይሠራሉ፤ የእነርሱን ቀጭን ጫፍ ለአማርኛ የሚመርጡ ወዳጆች አሉኝ።

እንግዲህ ቀደም ብዬ ወደ ተውሁት ወረቀት ልመለስ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከሚያውቃቸው የኑዛዜ ዓይነቶች አንዱ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ምስክር አይፈልግም። የሚፈልገው ተናዛዡ ሁሉንም በገዛ እጁ እንዲጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ እንዲያመለክት፣ ቀን እንዲያደርግበትና እንዲፈርም ነው። ለምሥጢር የሚወዱት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ጎረቤት አይሰማም፣ ዘመድ አያኮርፍም። ነገር ግን ከአራት ምስክር የሚያድነው ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በወረቀትና በቀለም ላይ ተንጠልጥሏል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ አንዲት እናት ከአንዲት ወጣት ጋር ወደ እኔ መጡ። ባላቸው ካረፉ ሁለት ወር ሆኗል። ልጅ አልወለዱም፤ ወጣቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቤታቸው ያሳደጓት ናቸው፤ ሆኖም ጉዲፈቻ ብለው በሕግ አልያዟትም ነበር። ሰውየው በመጨረሻ ሕመማቸው ሌሊት ሌሊት ያገላበጠቻቸውና ያጠበቻቸው እርስዋ ነበረች። እማማ ከነጠላቸው ጫፍ ላስቲክ ፈቱ፤ ከላስቲኩ ውስጥ ፖስታ አወጡ።

«ልጄ፣ ባለቤቴ የቤቱን ድርሻውን ለዚች ልጅ መስጠቱን የጻፈበት ነው» አሉኝ። «እየጻፈ ሳለ አጠገቡ ተቀምጬ ቡና አፈላለት ነበር። በዚያ ውድ ብዕሩ ነው የጻፈው።»

ወረቀቱን ዘረጋሁት። አራት ገጽ ነው። ከላይ እስከ ታች የግንቦት ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ደመና ነው እንጂ ጽሑፍ አይደለም። አልፎ አልፎ የአንድ «ን» እግር፣ የአንድ «ቤ» ጥላ ይታያል። ሣጥኑ የተቀመጠበት ክፍል ጣሪያ በሐምሌ ማፍሰሱን፣ ውኃው ሣጥኑ ውስጥ መግባቱን፣ እርሳቸውም ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አስጥተው ማድረቃቸውን ነገሩኝ። ከአራተኛው ገጽ ግርጌ ግን ቀኑና ፊርማው ጥርት ብለው ቆመዋል፤ ዛሬ የተፈረመ ይመስላሉ። ሰውየው የፈረሙት በሌላ ብዕር ነበር።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የአሥር ብር ብዕር ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጽሑፉ ይተርፍ ነበር። የሟቹ ብዕር ውድ ነው፤ የሞሉት ቀለም ግን «ሮያል ብሉ» የሚባለው በውኃ የሚለቅ ሰማያዊ ነበር። ይህ ቀለም መጥፎ አይደለም፤ የልጅ ልብስ ላይ ቢፈስ ታጥቦ እንዲለቅ፣ የጀርመን ተማሪ ሲሳሳት በማጥፊያ እንዲያጠፋው ታስቦ የተሠራ ነው። ለኑዛዜ ግን አልታሰበም።

እማማ ፊቴን እያዩ ነበር። «ፊርማው አለ አይደል?» አሉኝ። አለ አልሁ። «ቀኑስ?» እርሱም አለ። «ታዲያ እኔ የተጻፈውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ልንገራቸው» አሉ። ለዚህ ምን እንደምመልስ ጨነቀኝ። ሕጉ ኑዛዜውን በምስክር ቃል አይተካውም፤ ወይ ዋናው ጽሑፍ፣ ወይ ከተቀመጠበት መዝገብ የተመሰከረለት ግልባጭ እንዲቀርብ ይፈልጋል። ሰውየው ደግሞ ምሥጢር ወዳድ ስለ ነበሩ የትም አላስቀመጡትም። ፎቶ እንኳ ያነሣው የለም።

ልጅቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ወረቀቱን አጥፋ ወደ ፖስታው መለሰችው፤ ስታጥፈው በድሮው እጥፋት ላይ አስተካክላ ነበር።

የሟቹ ወንድሞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ግን ብዙ ነበሩ፤ ሕጉም ከእነርሱ ጋር ነበር። የግማሹ ቤት ባለቤት እማማ ስለሆኑ ለመደራደር አቅም አላጣንም። ሽማግሌ ገባ። ሦስት ቅዳሜ ከተነጋገርን በኋላ ከግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ለልጅቷ ደረሳት። ሰውየው የጻፉላት ግን አንድ ክፍል አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ፔሊካኑን ለሰነድ ብቻ የለየሁት። ከዚያ በፊት ሦስቱንም በአንድ ቀለም እሞላቸው ነበር። እርስዎም የያዙትን ቀለም ጠባይ ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግዎም። አንድ መስመር ይጻፉ፤ ሌሊቱን ይደር። ጧት አንድ ጠብታ ውኃ ጣል ያድርጉበትና እስኪደርቅ ይተዉት። መስመሩ የሚነበብ ከሆነ ቀለሙ ለሰነድ ይሆናል፤ የጠፋ ከሆነ ለፍቅር ደብዳቤ ያቆዩት። የቢክ ቀለም ዘይት ያለበት ስለሆነ ውኃን ይችላል፤ ስለዚህ ባለቢኩ በዚህ አይስጋ። የብራና ጸሐፊውን ጥላሸት ወይም የሥዕል ቀለም ግን በምንም ምክንያት ብዕር ውስጥ እንዳይጨምሩ፤ ቦዮቹን እንደ ስሚንቶ ይደፍናቸዋል። አንድ ወዳጄ ይህን ሞክሮ ብዕሩን ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ወሰደው፤ ወርቅ ሠሪውም «ወርቁን አውቀዋለሁ፤ ስንጥቁን አላውቀውም» ብሎ መለሰው። ቅን ሰው ነበር።

በገዛ እጅ የተጻፈ ኑዛዜም በቤት ሣጥን ዕድሜ ልክ የሚተኛ ነገር አለመሆኑን ልብ ይበሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር ብዬ ነው እንጂ ከብዕር ወጥቼ የሕግ ትምህርት ልሰጥ አይደለም።

ብዕር በከተማችን አየር ውስጥ የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ብዕርዎን ጂቡቲ ላይ ግማሽ ድረስ ሞልተው ወደዚህ ቢመጡ በባዶው ግማሽ የታፈነው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ወደ ጫፉ ይገፋዋል። በልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ዘመን የነበሩት ዳኮታዎች ውስጣቸው ግፊት የማይጠበቅላቸው ስለ ነበሩ፣ ከተራራው በላይ ሲወጡ የተሳፋሪው ብዕር ከእርሱ ጋር ይወጣ ነበር፤ ሸሚዙ ላይ ሰማያዊ ሜዳልያ ይዞ የወረደ ሰው አባቴ አይቻለሁ ብሎ ይስቅ ነበር። ዛሬ የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ከአዲስ አበባ አየር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ከቦሌ ሲነሡ ብዕርዎ የተለወጠ ነገር መኖሩን እምብዛም አያውቅም፤ ከዱባይ ሲነሡ ግን ያውቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወይ እስከ አፉ ይሙሉት፣ ወይ ባዶውን ይያዙት፤ ጫፉንም ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡ።

በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ብዕር ሳይጽፍ ሁለት ሳምንት ከዋለ ውስጡ ይደርቃል። በክረምት ደግሞ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ይበተናል። ሦስት ብዕር የያዘ ሰው እንግዲህ ሦስት ከብት እንዳለው ነው፤ ሁሉም በየቀኑ መሰማራት ይፈልጋሉ። እኔ ማለዳ ቡና እስኪፈላ ድረስ በያንዳንዳቸው አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ በወር አንድ ጊዜ ለብ እንኳ ባላለ ቀዝቃዛ ውኃ አጥባቸዋለሁ። ሙቅ ውኃና አልኮል አያስነኳቸው። ብዙ ውድ ብዕር ገዝቶ በመሳቢያ የሚቆልፍ ሰው አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ሊያሳየኝ ስድስቱን አውጥቶ አንዱም አልጻፈለትም።

በመጨረሻ ስለ ማበደር። ልደታ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ «ጌታዬ፣ እስክሪብቶ ያበድሩኝ» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል። እምቢ ማለት ነውር ነው። ባለወርቁን መስጠት ደግሞ ሞኝነት ነው፤ በቢክ የለመደ እጅ ስለሚጫን ጫፉ እንደ ግመል ከንፈር ይከፈታል። እኔም አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ አንድ ጫፍ አጥቼአለሁ፤ የተበደረኝ ሰው «ብዕርዎ አይጽፍም» ብሎ በቁጣ መለሰልኝ። ስለዚህ በጎን ኪሴ አራተኛ፣ ተራ ቢክ አለ። ይህች ለሕዝብ ናት።

ዘበኛውን ከሳምንት በኋላ እዚያው በር ላይ አገኘሁት። የፊተኛውን ጥያቄውን አልረሳሁምና ሞንብላኑን ከፍቼ ከማስታወሻዬ ላይ ወረቀት ቀድጄ ሰጠሁት፤ «አትጫነው፤ ስምህን ጻፍ» አልሁት። በጥንቃቄ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። ራቅ አድርጎ ተመለከተው፤ ቀረብ አድርጎ ተመለከተው። የፊደሎቹ እግር ወፍሮ፣ ትከሻቸው ቀጥኖ ነበር። «የመምሬን ጽሕፈት መሰለ» አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ብዕሩን መለሰልኝ።

ከዚያም «ጋሼ፣ አሁን ቢኳን ይስጡኝ እስኪ» አለኝ፤ «በካርቦን የምጽፈው ደረሰኝ አለ።»